የፕሪንተሩን ብቻ ሳይሆን የቀለሙንም ዋጋ ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ውስጥ ኮፒና ስካን ጭምር የሚሠራ ባለ ዋይፋይ ፕሪንተር ለቤቱ የሚገዛ ሰው፣ ከማሽኑ በፊት የቀለሙን ዋጋ ይጠይቅ። በካርትሪጅ (ቀለሙ ሲያልቅ በሚቀየር የቀለም መያዣ) የሚሠራው ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ውድነቱ የሚታወቀው ቀለሙ ሲያልቅ ነው። ተማሪ ላለበት ቤት ከጠርሙስ የሚሞላ ባለ ታንክ ይሻላል። አልፎ አልፎ፣ ያውም በጥቁር ብቻ፣ ለሚያትም ግን ሌዘር ይመረጣል፤ ቶነሩ፣ ማለትም የሌዘሩ ቀለም፣ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ዋይፋዩ ላይ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ ፕሪንተሮች የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። ራውተሩ ሁለት ስም ካሳየ «5ጂ» ያልተጨመረበትን ምረጡ። ራውተር የሌለው ቤትም አይቸገር፤ በዋይፋይ ዳይሬክት ስልኩ ከፕሪንተሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማተም አይቻልም የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ራውተሩ መብራት ካለው ይበቃል።

ትልቁ ጣጣ መብራት ነው። ባለ ታንኩ መጀመሪያ ሲሞላ ቀለሙን ወደ ቱቦዎቹ ይስባል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቱቦው ውስጥ አየር ይቀርና ሕትመቱ መስመር ይዘላል። ስለዚህ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ጠብቁ። ሥራ ሲያበቃም ሶኬት ከመንቀል በፊት በራሱ ቁልፍ አጥፉት፤ ሄዱ፣ ማለትም ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ ወደ ክዳኑ የሚመለሰው ያኔ ነው፤ አለዚያ ተጋልጦ ይደርቃል። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ አትሙ። የሄድ ጽዳቱን ግን አታብዙት፤ ቀለም ይጨርሳል፣ የተረፈ ቀለም መምጠጫውንም ቶሎ ይሞላዋል።

ከአክብሮት ጋር
ከማራኪ፣ ጎንደር