ከኢምፎሎዚ በሰላም ለተመለሱት ልጆቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ ደርባንም ጆበርግም ያላችሁ፣ እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ምቱባቱባ ከተማ ሆናችሁ ስልኬን ስታጨናንቁት የከረማችሁም፣ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ በአንዴ ልበለው ብዬ ነው። ልጆቹ ገብተዋል፣ ሁሉም ደህና ናቸው። የኔው እግሩ ውሃ ቋጥሮ ከመምጣቱ በቀር ምንም አልሆነም፣ አሁንም ተኝቷል።

ነገሩን ለማታውቁ፣ ልጆቹ ኢምፎሎዚ የዱር እንስሳት ፓርክ ውስጥ የእግር ጉዞ ሄደው ነበር። ልጄ እዚህ ነው ያደገው፣ ከአማርኛው ዙሉው ይቀለዋል፣ ጓደኞቹም የሎኬሽኑ (የጥቁሮቹ ሰፈር) ልጆች ናቸው። የህሉህሉዌ ኢምፎሎዚ ፓርክ አጥር ከአንዳንዶቹ ቤት በእግር ይደረሳል፣ ግን ከመሀላቸው ገብቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም፣ ፈረንጅ በክፍት መኪና ሲገባ እያዩ ነው ያደጉት። ቦታው እኮ የአያቶቻቸው ነው! ጥቁሩና ነጩ ኢምፎሎዚ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት የዙሉው ንጉሥ ሻካ አደን የሚወጣበት ነበር፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ተከለለና ሰዉ ከውጭ ቀረ። የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ዘሩ ሊጠፋ ሲል የተረፈውም እዚሁ ነው፣ ዛሬ ሌላ አገር የምታዩት ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገሪቱ በሕገወጥ አደን ካጣችው 499 አውራሪስ 307ቱ የተገደሉት እዚህ ፓርክ ውስጥ ነው። ሥራ ያጣ የአጥር ዳር ወጣት ለአውራሪስ ቀንድ ደላላ ቅርብ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹን ይዘን እንግባ ያሉት ሰዎች ገብቷቸዋል ባይ ነኝ።

የገቡበት ክፍል መንገድም መኪናም የሌለበት ዱር ነው፣ በእግር ብቻ፣ ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ጠመንጃ ይዘው ከፊት፣ ስልክ በር ላይ ይቀራል (እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለቅሶ የነበረው)። ማታ ሌላው ሲተኛ አንድ ልጅ ተራ ይዞ ለብቻው እሳቱን ይጠብቃል። የኔ ልጅ ተራው ሲደርስ ጅብ ሲጮህ የሐረሩን ጅብ ቪዲዮ እያሰብኩ ራሴን አጽናናሁ አለኝ፣ ከዛ ግን ከጨለማው ውስጥ የሆነ ትልቅ ነገር ሳር ሲቀነጥስ ሰማ፣ ባትሪውን ቢያበራ ጎሽ ነው፣ ቆሞ ያየዋል፣ ሬንጀሩን ልቀስቅስ አልቀስቅስ ሲል ጎሹ ራሱ ሄደ። ይሄን በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አትጠይቁኝ።

አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌ ደግሞ ኡምላህላንኮሲ የሚባለው ዛፍ ሥር አስቀምጠው አስተማሯቸው፣ እሾሁን ሳየው ከኛ ቁርቁራ ጋር ዘመድ ነው። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ዘመድ የዛፉን ቅርንጫፍ ይዞ የሞተበት ቦታ ድረስ ይሄዳል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ቅርንጫፉን ይዞ ወደ ቤት ሲመልሰው ታክሲ ላይ ለሟቹም ወንበር ይከፈልለታል፣ ተሸካሚው ደግሞ ከማንም ጋር አያወራም። ልጆቹ ቅርንጫፉን ለቅሶ ላይ አይተውታል፣ ዛፉን ቆሞ ግን የሚያውቀው አልነበረም። ስለ ማግቁቡ ንቶምቤላም ነገሯቸው፣ ፊደል ያልቆጠረ የፓርኩ ሰው ሆኖ ታዋቂውን የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ኢያን ፕሌየርን ዱሩን ያስተማረው እሱ ነው፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይሄን የእግር ጉዞ አንድ ላይ ነው የጀመሩት። ልጄ ስለፕሌየር ሰምቶ ያውቃል፣ ስለ ማግቁቡ ግን ገና አሁን መስማቱ አናዶታል፣ እኔንም።

ያስጨነቀን ነገር የመጣው መውጫቸው ቀን ነው። መኪና ይዘን በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ ላይኛው አገር ዘንቦ ነጩ ኢምፎሎዚ ሞላ፣ ልጆቹ ወዲያ ማዶ ቀሩ። ኋላ እንደሰማነው ልጆቹ እስከ ጉልበት ነው እንሻገር ብለዋል፣ ሬንጀሩ ግን ውሃውን ብትችሉት አዞውን ምን ታደርጉታላችሁ ብለው እንቢ አሉ፣ መልሰው ከፍ ያለ ቦታ አሳደሯቸው። ባባ (ሬንጀሩን ነው)፣ ይሄን አንብበው እንደማይረዱት አውቃለሁ፣ ልጄ ቁጭ ብሎ ይተረጉምልዎታል፣ ለዛች እንቢታ እናት ሁሉ እግርዎ ሥር ወድቃ ብታመሰግን አይበዛብዎትም፣ እድሜ ይስጥልኝ። በሬዲዮ ደህና ናቸው የሚለውን ቃል እየተቀበለ ሌሊቱን ሙሉ እየወጣ ሲነግረን ያደረው የበር ጠባቂም ክፉ አይንካው።

ጎረቤቴ ጎጎ (አያት ማለት ነው በዙሉ) የልጅ ልጃቸው እዛው ነበር፣ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሰውኝ አማሄዉ የሚባለውን የበቆሎ መጠጥ እየቀዱ አሳደሩኝ፣ ከቦርዴ ብዙም አይርቅም። እኔ ሳለቅስ እሳቸው ይዘምራሉ፣ ከዛ እሳቸው ሲያለቅሱ እኔ ግራ ይገባኛል፣ እንደዛ ነጋ። ብድራቸውን ምን አድርጌ እንደምከፍል አላውቅም።

ደግሞ የኛዎቹ! የስሊፒንግ ባጉን ገንዘብ ያዋጣችሁ የደርባን ልጆች፣ ከጆበርግ ጫማ በካርቶን የላካችሁ፣ አንዱ መኪና አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ስልኩን ሲዘጋ ባኪያችሁን (ፒካፓችሁን) ይዛችሁ የመጣችሁ ሁለት ወንድሞች፣ ሱቄን ሳትዘጉ የጠበቃችሁልኝ፣ ውለታችሁ አለብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና አለ፣ ጎጎም ይመጣሉ።

ዕቃው ታጥቦ ሱቁ ጓዳ ተቀምጧል፣ የሚቀጥለው ዙር የሴቶች ልጆች ነው። ጫማ በዚህ አገር ቁጥር 4 እና 5 ነው የጎደለን፣ አዲስ መሆን የለበትም፣ ሶሉ ያልተላቀቀ ይሁን እንጂ።