ጃንዋሪ 6 ሙኒክ የምትሄዱ፣ ዶሮውን ይዛችሁ ሂዱ

ሰላም አዘጋጅ፣

ከገና በፊት ያወጣችሁትን የበዓላት ሰሌዳ አይቼ ነው የምጽፈው። ጀርመን ውስጥ ጃንዋሪ 6 የሥራ ቀን ነው ብላችኋል። እኛ ፍራንክፈርት ለምንኖረው ልክ ነው። ከ16ቱ ክፍለ ግዛቶች በሦስቱ ግን፣ ሙኒክ ባለችበት በባየርን፣ በባደን ቩርተምበርግና በዛክሰን አንሃልት፣ ቀኑ የሰብአ ሰገል በዓል ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። ለእኛ ደግሞ የገና ዋዜማ ነው፣ ያውም ዶሮ የሚሠራበት።

ዘንድሮ በዓሉን እህቴ ጋ ለመዋል ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሙኒክ ተነሳሁ። እህቴ ከኮሎኝ ወደዚያ ከተዛወረች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ ሆስፒታል ስለምትሠራ በዓልና አዘቦት አይለይላትም። «ሽንኩርቱን ከትፌ ጨርሻለሁ፣ ዶሮውን ስትመጣ አብረን እንገዛለን» አለችኝ።

ባቡሩ ከእረፍት በሚመለስ ሰው ጢም ብሏል። ወንበር ቀድሜ ስላልያዝኩ እስከ ኑርንበርግ በሻንጣ መሃል ቆሜ ሄድኩ። ሙኒክ ስደርስ ከተማው ጭር ብሏል። የመጀመሪያው ሱፐርማርኬት ዝግ፣ ሁለተኛውም ዝግ። እኔማ አድማ ተመቶ መስሎኝ ነበር! ነገሩ የገባን የእህቴ ጎረቤት በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አይተን ስንጠይቃቸው ነው። ለካ ዘውድ የደፉ ልጆች ኮከብ ይዘው በየቤቱ እየዘመሩ ለችግረኛ ሕፃናት ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ ቤቱንም ባርከው በሩ ላይ ይጽፉበታል። የሚገርመው የሰብአ ሰገል አጽም ነው የሚባለው ከ1164 ጀምሮ ያለው ኮሎኝ ነው፣ በካቴድራሉ ውስጥ። ኮሎኝ ግን ያን ቀን ሥራ ነው። ታዲያ እህቴ ከየት ትወቀው?

ክፍት ያገኘነው ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለውን ሱቅ ብቻ ነው፤ ለመንገደኛ ተብሎ ይፈቀድለታል። የከተማው ሰው ሁሉ ግን ያን ቀን መንገደኛ ሆኗል። ሰልፉን ጨርሰን ስንገባ ዶሮ አልቋል፣ የቀረው የታሸገ ክንፍ ነው። እሱኑ ገዛን። ከቅዳሴ መልስ 12 ብልት የለመዱ እንግዶች ድስቱን ሲያማስሉ ያየሁትን ሳቅ አልረሳውም።

የሥራውንም ነገር ጻፉልን። በዓሉ የሚታሰበው በምትሠሩበት ቦታ እንጂ በምትኖሩበት አይደለም። ባየርን ውስጥ አሻፈንቡርግ እየኖረ ፍራንክፈርት የሚሠራ ሰው ያን ቀን ሥራ ይገባል። ሙኒክ የሚሠራው ደግሞ ዋዜማውን አርፎ በገና ዕለት፣ ቅዳሴ አምሽቶ እንቅልፍ ሳይጠግብ፣ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጃንዋሪ 7ን ፈቃድ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የማይሠራው የባየርን ቲኬት የሚባለው የአንድ ቀን የባቡር ቲኬት በዚያ ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይሠራል። እስከ 5 ሰው ሆናችሁ በክልሉ ባቡሮች ወደ ቤተ ክርስቲያን ለምትሄዱ ይጠቅማል፤ ፈጣኖቹ ላይ ግን አይሠራም።

ለከርሞ እባካችሁ ሰሌዳውን በየክፍለ ግዛቱ ለዩልን። ከሥሩም «ባየርን ያላችሁ ጃንዋሪ 5 ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ገዝታችሁ ጨርሱ» የሚል ጨምሩበት፣ ሱቁ በአዘቦትም ከዚያ በላይ አያመሽም።

አንባቢያችሁ፣ ከፍራንክፈርት