ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አርብ ማታዋ ክኒን

ልጄ ሰሚራ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጅማ እንደምታውቂያት ናት፣ ዝናቧ አልለቀቀም። ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ካልተሸጠ አላምንም።

ባለፈው ያነሳሽውን ነገር በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግኩም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም «እሺ አባ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሁለት ነገር ነው የጠየቅሽኝ። «ጉልበቴ ማበጡን ከተወ ቆይቷል፣ ሜቶትሬክሴቱን፣ ያቺን የአርብ ማታ ክኒን፣ አሁንም ለምን እውጣለሁ?» «ደግሞስ ሰውነቴ ለምን ይጠላኛል?» ከኋለኛው ልጀምር፣ የፊተኛው መልስ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። አባትሽ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆነ ትንሽ ታገሺው።

ሰውነትሽ አይጠላሽም። በልጅነትሽ የያዘሽ የመገጣጠሚያ ቁጣ (አርትራይትስ) ከበሽታ ሊጠብቁሽ የተፈጠሩ ሴሎች ተሳስተው የራስሽን መገጣጠሚያ ሲያጠቁ የሚመጣ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች መነሻቸው መቅኒ ነው። ከዚያ ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለች ታይመስ ወደምትባል ዕጢ ሄደው ይፈተናሉ። የራስን አካል እንደ ባዕድ አጥብቆ የሚይዝ ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንዲሞት ይደረጋል። ቡና መጋዘን ውስጥ የሚለቅሙትን ሴቶች አይተሻል። ጥቁሩን፣ የተቦረቦረውን ፍሬ በጣታቸው ለይተው ይጥላሉ፤ እጃቸው ለጉድ ነው። ግን የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ከኩንታሉ ውስጥ አንዳንድ ብልሹ ፍሬ አይጠፋም። ታይመስም እንደዚያው ነች። ያመለጡ ቲ ሴሎች በእኔም፣ በእናትሽም፣ በጎረቤቱም ደም ውስጥ አሉ።

ያመለጡትን አደብ የሚያስገዙ ሌሎች ቲ ሴሎች ደግሞ አሉ፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ጃፓናዊው ሽሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 አይጦች ላይ አሳያቸው። በ2001 ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስፒ3 የሚባለው ጂን ሲበላሽ ሰውነት ራሱን እንደሚያጠቃ አገኙ። ኋላ ላይ ነገሩ ሲገጣጠም፣ ተቆጣጣሪዎቹን ተቆጣጣሪ የሚያደርጋቸው ይኸው ጂን ሆኖ ተገኘ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ለሦስቱ ተሰጠ። ዜናውን ስሰማ እኔ ትዝ ያለኝ ያንቺ ጉልበት ነው።

እንግዲህ አንቺ ጋ የጎደሉት እነሱ ናቸው ትይ ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ይህ በሽታ ካለባቸው ልጆች መገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ተቆጣጣሪዎቹ እንዲያውም በብዛት ይገኛሉ። ችግሩ የተቆጡት ቲ ሴሎች ጆሮ ዳባ ልበስ ማለታቸው ነው። ለምን? ከዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለበት፣ ከውጭ የሚመጣ ቀስቃሽም አለበት፤ አንድ ብቻውን የሚጠየቅ የለም። ብርድ አይደለም፣ ዓይን አይደለም፣ እናትሽ ያበላችሽም አይደለም። ያኔ አክስትሽ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ ቤቱን አንድ አድርጋው ነበር። አያትሽ ደግሞ «ቁርጥማት የአሮጊት ነው፣ ልጅ ላይ ምን ይሠራል?» አለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል ግን በልጆች ላይ የሚመጣውን እ.ኤ.አ. በ1897 ጽፎት ነበር።

ከጉልበትሽ ፈሳሽ የተቀዳ ዕለት ሰባት ዓመትሽ ነበር። አንቺ ፊትሽን እናትሽ ደረት ውስጥ ቀብረሽ ነበር፣ እኔ ግን አየሁት። ጤነኛ የጉልበት ፈሳሽ ጥርት ያለ ነው፣ ይዝለገለጋል። ያንቺ ቢጫና ድፍርስ ነበር። ሐኪሙ ሲሪንጁን ወደ መስኮቱ አነሳና ከኋላው የተጻፈበት ወረቀት ያዘ። ፊደሉን ማንበብ አልተቻለም። የደፈረሰው በሴሎች ነው። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ፈሳሽ ከ200 በታች ነጭ የደም ሴል ነው ያለው። በተቆጣ ጉልበት ግን ሺዎች ይሆናሉ።

እነሱ ሁሉ ምን ያደርጋሉ? ቲ ሴሎቹ ሌሎቹን ይጠራሉ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች መጥተው ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 የመሳሰሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ እብጠቱ ይሄ ነው። የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ይወፍርና ዝም ከተባለ ልስልሱን አጥንት መብላት ይጀምራል። የግራ እግርሽ ትንሽ መርዘምም ከዚሁ የመጣ ነው። ወደተቆጣው ጉልበት ደም ስለሚበዛ በልጅነት አጥንቱ ቶሎ ያድጋል። ሱሪ በገዛሽ ቁጥር አንዱን እግር የምታሳጥሪው ለዚህ ነው። ኢንተርሉኪን 6 ደግሞ ጉልበት ውስጥ አይቀርም። ጉበትን ሲአርፒ የሚባል፣ በደም ምርመራ ቁጣ መኖሩን የሚያሳይ ፕሮቲን እንዲያመርት ያዘዋል፣ ሰውነትንም ያዝላል። ያኔ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ዝርግት የምትይው ከስንፍና አልነበረም። አስተማሪ ሆኜ ነው የምልሽ፣ ስንፍናን አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ክኒኗ። ቲ ሴሎች አይረሱም። ለኩፍኝ ክትባት የሚጠቅመን ይህ ባሕሪያቸው ነው፣ እዚህ ግን ይጎዳናል። እብጠቱ ሲጠፋ የተወሰኑት እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በሽታው ሲያገረሽ ብዙ ጊዜ ያንኑ የድሮውን መገጣጠሚያ መርጦ የሚመለሰው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጉልበትሽ ደህና የሆነው ክኒኗ ስላለች ሊሆን ይችላል። መቆም የለባትም አላልኩም። በሽታው ረጅም ጊዜ ጸጥ ካለ ይቆማል፣ ግን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የዶርም ጓደኛሽ ወይም ቲክቶክ አይደለም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ አርብ ማታ ብቻ። በየቀኑ መውሰድ መርዝ ነው፣ አደራ። ማቅለሽለሹ እንዲቀንስ ፎሊክ አሲዱን አትርሺ። ቫይረሱ በሕይወት ያለበትን ክትባት ማንም ልስጥሽ ቢልሽ አስቀድመሽ ይህን መድኃኒት እንደምትወስጂ ንገሪ። ስለ ትዳርና ስለ እርግዝና ያለውን እናትሽ ትነግርሻለች፣ እኔ አፈርኩ። ብቻ ከዚህ መድኃኒት ጋር እርግዝና እንደማይሆን ዕወቂ።

የዓይን ምርመራውንም አትዝለዪ። «ዓይኔ ደህና ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። እነዚያው ሴሎች ዓይን ውስጥ ሲገቡ አያምም፣ አይቀላም። በመሣሪያ ካልታየ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከመድኃኒቱ በላይ የምጨቃጨቅሽ በዚህ ነው።

ማርና ቆሎ በአጎትሽ ልጅ እጅ ልከናል፣ ከመናኸሪያ ተቀበዪው። የጉበትና የሲአርፒ ውጤትሽን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ወረቀቱ ሙሉ ይታይ፣ ባለፈው ግማሹን ቆርጠሽዋል።

አባትሽ
ጅማ