የድመታችሁን የሕክምና ወጪ ከወዲሁ ስለማቀድ

ለክሊኒካችን ደንበኞች በሙሉ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በምርመራ ጠረጴዛችን ዙሪያ ደጋግሞ ስለሚያጋጥመን፣ ነገር ግን በዚያ የጭንቀት ሰዓት ረጋ ብለን ልንነጋገርበት ስለማንችለው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ለድመታችሁ ሕክምና የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከወዲሁ ስለማዘጋጀት።

በሚገባ የተያዘች የቤት ድመት 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። የሕክምና ወጪዋ ግን በየዓመቱ እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት በርከት ይላል፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ይቀላል፣ ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ከፍ ይላል። ሰው የሚዘናጋው በመካከለኞቹ ዓመታት ነው፤ ለመቆጠብ የሚመቹትም እነዚሁ ዓመታት ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከሞላ ጎደል አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፦ 16 ሳምንት እስኪሞላት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የማምከን ቀዶ ሕክምና። ዝርዝሩን ስትጠይቁን በጽሑፍ እንሰጣችኋለን።

አብዝተን ልናሳስባችሁ የምንፈልገው ድንገት ስለሚመጣው ወጪ ነው። አንድ ወንድ ድመት ወደ አሸዋ ሳጥኑ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሲጮኽና ብልቱን ደጋግሞ ሲልስ የሚያዩ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ሆድ ድርቀት ይመስላቸዋል። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ ግን መውጫ ያጣው ሽንት ኩላሊቱን ይጎዳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን እየጨመረ የልብ ምቱን ያዛባል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ሕክምናው ሰመመን መስጠትን፣ ቧንቧውን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) መክፈትን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽን፣ ተደጋጋሚ የደም ምርመራንና ለተወሰኑ ቀናት ተኝቶ መታከምን ይጠይቃል፤ የዚህ ሁሉ ሒሳብ የሚመጣውም በአንድ ጊዜ ነው። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ አንድ ሌሊት መጠበቅ ጉዳቱንም ወጪውንም ያበዛዋል።

ስለዚህ ስንት መቆጠብ እንዳለባችሁ ስትጠይቁን፣ እንዲህ ያለ አንድ ድንገተኛ ሕመም ተኝቶ ለማሳከም የሚያስፈልገውን ያህል ግብ አድርጋችሁ እንድትይዙ እንመክራለን። የወቅቱን ግምት ከእኛ ወስዳችሁ አቅማችሁ በሚፈቅደው የወራት ብዛት አካፍሉት፤ ገንዘቡንም ከቤት ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ከተነካም መልሳችሁ ሙሉት። ወርኃዊው መጠን ትንሽ ቢሆንም እንኳ ሳይቋረጥ መቀመጡ ዋጋ አለው።

የእንስሳት መድን ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ድመቷ ገና ወጣትና ጤነኛ ሳለች ብትገቡ ይሻላል፤ ምክንያቱም ውሉ ከመፈረሙ በፊት የታየ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም። የመጠበቂያ ጊዜውን (ከውሉ በኋላ ሽፋኑ እስኪጀምር ያለውን ጊዜ)፣ ከራሳችሁ የምትከፍሉትን ድርሻ፣ ደግሞም አስቀድማችሁ ከፍላችሁ በኋላ የሚመለስላችሁ መሆን አለመሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። መድን ቢኖራችሁም የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ ማስፈለጉ አይቀርም።

የእርጅና ዘመን ወጪ ደግሞ በየወሩ የሚደጋገም ነው። የኩላሊት ሕመም፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና የስኳር በሽታ በዕድሜ በገፉ ድመቶች ላይ በብዛት የምናያቸው ናቸው፤ ልዩ ምግብ፣ የዕለት ኪኒን ወይም ኢንሱሊንና በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። ድመት ሕመሟን የመደበቅ ጠባይ ስላላት በቤታችሁ ሆናችሁ ክብደቷን በየወሩ ብትመዝኑ እጅግ ትረዱናላችሁ፦ ታቅፋችኋት ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ ለብቻችሁ ቁሙና ልዩነቱን መዝግቡ። 4 ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰች የሰውነቷን አንድ ስምንተኛ አጥታለች፤ በዓይን ግን ላያስታውቅ ይችላል። ቀድሞ የተደረሰበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ ወጪ ይያዛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ የሰው መድኃኒት አትስጧት። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል።

በመጨረሻም፣ አቅማችሁን በግልጽ ንገሩን። ብዙዎቻችሁ ስለ ገንዘብ ማንሳት ለድመታችሁ ያላችሁን ፍቅር የሚያሳንስ እየመሰላችሁ ዝም እንደምትሉ እናውቃለን፤ እኛ ግን እንዲህ ብለን አናስብም። ለአንድ ሕመም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የሕክምና መንገድ አለ፤ የቱ ምርመራ ዛሬ መደረግ እንዳለበትና የቱ ሊቆይ እንደሚችል መምረጥ የምንችለው ገደባችሁን ስናውቅ ነው። ማንኛውም ትልቅ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብታችሁ የተጠበቀ ነው፤ ወጪው ከግምቱ የሚያልፍ ሆኖ ሲገኝም ሥራውን ከመቀጠላችን በፊት እንደውልላችኋለን።

ለዚህም ሲባል በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሁለት ነገሮች በድመታችሁ ካርድ ላይ እንድታስመዘግቡ እንጠይቃለን፦ እናንተን በስልክ ማግኘት ባንችል በድንገተኛ ሁኔታ እስከ ስንት ድረስ እንድናወጣ እንደምትፈቅዱ፣ እንዲሁም በእናንተ ምትክ ሊወስን የሚችለውን ሰው ስምና ስልክ ቁጥር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ሠራተኞች