ለድሬዳዋ የግላኮማ ታካሚዎች የድጋፍ ጥሪ፦ ከማሽኑ በፊት ክፍሉን

ለድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ለየሰፈሩ እድሮች፣ ለሐረር አፎቻዎች፣ በውጭ ላላችሁ የድሬ ልጆችም፦

የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው፤ የሬቲናን (በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ) የደም ሥር ያለ መርፌ በምስል የሚያነሳ አንድ ማሽን፣ ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል እና የአምስት ዓመት ጥገና። ለመጀመሪያው ሰው በቀላሉ ይሰጣል፤ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሳል። ሁለቱ ካልተሟሉ ግን ማሽኑ ከነካርቶኑ ጥግ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከክፍሉ እንጀምራለን ብለናል።

ግላኮማ የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው፤ በአብዛኛው አያምም። እይታ ከዳር እየጠበበ ይመጣና ሰውየው የሚነቃው ባጃጅ በጎኑ ሳያየው ሲደርስበት ወይም ደረጃ ሲስት ነው። የሞተ የዓይን ነርቭ አይመለስም፤ ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ህክምናውም የሚያደርጉት የዓይንን ግፊት ዝቅ አድርጎ የቀረውን ማቆየት ነው። ስለዚህ ታካሚው በተመለሰ ቁጥር ዋናው ጥያቄ «ካለፈው ወዲህ ባሰበት ወይስ ባለበት ነው?» የሚለው ይሆናል። ጠብታ የሚጨመረው፣ ቀዶ ህክምናም የሚወሰነው በዚያ መልስ ነው።

መልሱ ከግፊት ቁጥር ብቻ አይገኝም፤ ግፊታቸው ከ21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሳያልፍ ነርቫቸው የሚጎዳ አሉ። የእይታ አድማስ ምርመራው የግድ ነው፤ ነገር ግን አዛውንት አንድ ዓይን ሸፍነው ብልጭታ ባዩ ቁጥር ቁልፍ ሲጫኑ ይደክማቸዋል፣ ያንቀላፋሉ፣ የዛሬው ውጤት ካለፈው ጋር አይገጥምም። ተራው ኦሲቲ (የዓይንን ንጣፎች በብርሃን የሚያነሳው ማሽን) ደግሞ የነርቭ ክሩን ንጣፍ ውፍረት ይለካል። በሽታው ሲገፋ ውፍረቱ 50 ማይክሮሜትር አካባቢ ላይ ወለሉን ነክቶ ይቆማል፣ እይታው ግን መውረዱን አያቆምም። በዚህ ደረጃም በማኩላ (በሬቲናው መሃል) ዙሪያ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች መሳሳታቸው ይታያል፤ የደም ሥር ምስሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነ ዘዴ ሲሆን፣ ደካማ ብርሃን ወደ ዓይን ልኮ ከየንጣፉ የሚመለሰውን ያነባል። አንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምስል ማንሻው) ሲጨመርበት ያንኑ መስመር በሚሊሰከንዶች ልዩነት ደጋግሞ ያነሳል። ያልተንቀሳቀሰው አካል በሁሉም ምስል አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለዋወጠው ቀይ የደም ሴል የሚያልፍበት ነው። የማይለወጠው ሲቀነስ የደም ሥሩ ካርታ ይቀራል። የደም ሥር ምስሉ ፍሎረሲን በሚባለው ቀለም ሲሠራ ቀለሙ በክንድ ይወጋል፤ የሚያቅለሸልሻቸው፣ የሚያስመልሳቸው አሉ፣ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ያመጣል። ይሄኛው አገጭን አስደግፎ ጥቂት ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው።

በጤናማ ዓይን ከነርቩ ራስ የሚፈነጥቁት ጸጉር የሚያካክሉ ሥሮች የሐረር ሞሰብ ስፌት ይመስላሉ፤ ከመሃል ተነስተው ጥቅጥቅ ብለው ወደ ዳር ይዘረጋሉ። ግላኮማ በነካው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከነርቩ ራስ በታች በጆሮ በኩል፣ አክርማው እንደተነቀለ ሁሉ ጥቁር ሽብልቅ ይታያል። ደሙ አንሶ ነርቩ ሞተ ወይስ ነርቩ ሞቶ ደሙ አነሰ የሚለው ገና የሚያከራክር ነው። ማሽኑ የደሙን ፍጥነት በቁጥር አይነግረንም፤ የሚያሳየው ደም የሚሄድበትንና የማይሄድበትን ነው። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ነጋዴ ካለ ጠርጥሩት።

«አዲስ አበባ ሄደው ቢነሱስ?» ለሚሉን፦ የአንዱ ኩባንያ ማሽን የሚያወጣው የደም ሥር ጥግግት ቁጥር ከሌላው ኩባንያ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። ዘንድሮ አንድ ቦታ፣ ከርሞ ሌላ ቦታ የተነሳ ታካሚ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ንጽጽር የለውም። ጥቅሙ ያለው ያንኑ ዓይን፣ በዚያው ማሽን፣ ከተቻለ በዚያው ሰዓት፣ በየስድስት ወሩ ማየት ላይ ነው። የደም ግፊቱም አብሮ ይለካል፣ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላልና። ይህ የሚሆነው ማሽኑ ታካሚው በባጃጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ሲኖር ነው።

ምስል የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው። ዓይን ከተጨፈነ ጥቁር ሰንበር ይወጣል፣ ከተንቀሳቀሰ ነጭ መስመርና የተቆራረጠ ሥር። በድሬ ሙቀትና ነፋስ የደረቀ ዓይን እንባው ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጠብታ ሰው ሠራሽ እንባ ጨምሮ ሁለት ሦስቴ ማርገብገብ ብዙውን ያድናል። ሞራ ያለበት ዓይን ጥላ ይጥላል፤ ጥላው የሞተ የደም ሥር ይመስላል። ይህ ከሁሉም አደገኛው ስህተት ነው፣ ደህና ሰው ባሰበት ተብሎ ቢላ ሊነካው ይችላልና። የምስል ጥራቱ ከ10 ሰባት ያልሞላ ምስል ከንጽጽሩ እንዲወጣ ወስነናል። ለዚህም አንድ ሳይሆን ሁለት ባለሙያ ይሠለጥናሉ፤ አንዱ ሲዛወር ሥራው እንዳይቆም።

አሁን ወደ ክፍሉ። ማሽኑን የሚገድለው የመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ሲመለስ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊትም ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ፣ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ዩፒኤስ እንፈልጋለን። የሱቁ ርካሽ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ወደ ባትሪ የሚዞረው፤ መዋዠቁን አያጣራም። ኤሲው ከዩፒኤሱ ጋር አይያያዝም፣ ባትሪውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። የግራውንዱ (ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር) ጉዳይ ደግሞ የኛ ከተማ ልዩ ጣጣ ነው፦ የድሬ አሸዋ ደረቅ ስለሆነ አንድ የመዳብ ዘንግ መቅበር አይበቃም። ባለ 2.4 ሜትር ሦስት ዘንግ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ርዝመት ያህል ተራርቀው፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ተያይዘው፣ በመለኪያ ከ5 ኦም በታች እስኪሆን እንሄዳለን። ካልወረደ አራተኛ ዘንግ ይጨመራል።

በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው ከዚያ በላይ እንዲሠሩ አልተሠሩም። ኮርኒስ፣ አንድ ኤሲ፣ መስኮቱን የሚሸፍን ጥቁር መጋረጃ፣ ለበሩ አቧራ መከላከያ ጎማ ያስፈልጋል። አቧራው ሌንሱ ላይ ካረፈ በቅድሚያ በእጅ መንፊያ ይነፋል፣ ከዚያ ነው የሌንስ ወረቀት። በሶፍት ወይም በጋዋን ጫፍ መጥረግ አሸዋውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሌንሱ ላይ ማሸት ነው።

ግዢው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ኩባንያዎች ኦሲቲውን ሸጠው የአንጂዮግራፊውን ሶፍትዌር በተለየ ፈቃድ ያስከፍላሉ፤ ማሽኑ መጥቶ የደም ሥር ምስሉ ተቆልፎ ይገኛል። ያገለገለ ማሽን ሲሆን ፈቃዱ በመጀመሪያው ገዢ ስም ታስሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የአንጂዮግራፊው ፈቃድ፣ ሥልጠናው፣ የአምስት ዓመት ጥገናውና ኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኝ ጠጋኝ በየመስመራቸው እንዲጻፉ እንጠይቃለን። በውጭ ያላችሁ ወገኖች ያገለገለ ማሽን ገዝታችሁ ከመጫናችሁ በፊት እባካችሁ አናግሩን፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያላገኘ ዕቃ ወደብ ላይ ይቆያል፣ ኪራዩም ይቆጥራል።

የብር ድምር እዚህ ያልጻፍነው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬው ተመን ስለሚለዋወጥና ፕሮፎርማ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው። የወሩ ዋጋ በየእድሩ ሰሌዳ ይለጠፋል። ገንዘቡ በሁለት ሂሳብ ይቀመጣል፤ አንዱ ለክፍሉና ለጥገናው፣ ሌላው ለማሽኑ። የመጀመሪያው ሳይሞላ ማሽን አይታዘዝም። ወጪ የሚሆነው በሦስት ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ የእድር ዳኛ ይሆናል። መዋጮ ለየእድራችሁ ጸሐፊ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ካልተገዛ የማሽኑ ሂሳብ ለታካሚዎች የግፊት ጠብታ መግዣ ይውላል። ለጠብታ የተሰበሰበው ግን ለማሽን አይነካም።

በዓይነት የምንቀበለው፦ የመዳብ ዘንግና ሽቦ፣ ኤሲ፣ ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ፣ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ሃርድ ዲስክ (አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣል)፣ ያልተከፈተ ሰው ሠራሽ እንባ። የተከፈተ ወይም ጊዜው ያለፈ ጠብታ አታምጡ።

ኤሌክትሪሻኖች ሆይ፣ የሚቀድመው የእናንተ ጉልበት ነው። ዘንጎቹ የሚቀበሩት ዝናብ ሳይጥል፣ አሸዋው በደንብ እንደደረቀ ነው፤ በደረቁ ከ5 ኦም በታች ያነበበ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። የግራውንድ መለኪያ ያለው ሰው መለኪያውን ይዞ ይምጣ፣ እኛ ዘንድ የለም።