ለ266 ዶላር አትንዳ

ይድረስ ለአባዬ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ትልቁ ኳስ ጀምሯል፤ ጫማ አይበቃውም።

ስልክ ላይ ወሬ ስለምትቀይርብኝ ነው የምጽፍልህ።

«ኡበር መንዳቱን ካቆምኩ የኢንሹራንሱ የታክስ ቅናሽ ይቀርብናል» ብለኸኛል። ልክ ነህ። በግሉ የሚሠራ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ክፍያውን ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ የሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ ክፍያም ይገባል። ቅናሹ ግን ከኡበር ካገኘኸው የተጣራ ትርፍ አይበልጥም። ትርፍ ከሌለ እሱም የለም። ታክስ የሚሠራልህ ሰውዬ እስከዚህ አልዋሸህም።

ግን አብረን እናስላው። የሚቀነሰው ከገቢህ ላይ እንጂ ከታክሱ ላይ አይደለም። በ2025 የሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪም ቤቱን ሕክምና የሚሸፍነው ክፍል) መደበኛ ክፍያ በወር 185 ዶላር ነበር፤ በዓመት 2,220። እናንተ 12 በመቶ ታክስ የሚከፈልበት የገቢ እርከን ውስጥ ናችሁ። ከፌዴራል ታክስ የሚተርፍህ 266 ዶላር ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው ያ 15.3 በመቶ ታክስ ደግሞ በዚህ ንቅንቅ አይልም። እማዬ የምትጀምረው ሥራም አለ። አሠሪዋ የሚደግፈው፣ አንተንም የሚያስገባ ኢንሹራንስ ካለው፣ ባትገባበት እንኳ መግባት ለምትችልባቸው ወራት ቅናሹ ይቀራል።

ለዚህ ብለህ ነው ሌሊት ከደለስ ኤርፖርት የምትመላለሰው? በዚያ ዐይን?

ኢንሹራንስ በተነሳ ቁጥር ያቺ ዓመት ትመጣብኛለች። ኢንሹራንሱን ማቋረጥህን የሰማነው ሆስፒታል መስኮት ላይ ቆመን ነው። ሴትዮዋ ያለችውን ለእማዬ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ነው የምትለው» አልኳት። አንተን ላለማጋለጥ። ማታ ገብተህ እራትህን በላህና ተኛህ። እስከ ዛሬም ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። ለቤት ኪራዩ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለእኛ ብለህ ነው። ብትነግረን ግን ምን ነበረበት?

አሁንም ያው ነህ። መብራት እንደሚበተንብህ የነገረችኝ እማዬ ናት። የተጫረውን በርም ያየችው እሷ ናት። የናንተ ቁጥር ሌሊት ሲደውል እኔ… ተወው።

ሐኪሙ የዐይን ሞራ ነው ካለ ቀዶ ጥገናውን ሜዲኬር ይሸፍነዋል። ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ራስህ የምትከፍለውን መነሻ ከከፈልክ በኋላ ያንተ ድርሻ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ነው። ከገቢህ ላይ የምትቀንሰውን ኢንሹራንስ እስቲ አንዴ እንኳን ታከምበት።

የ2025ቱን ቅናሽ ውሰድ፣ የለፋህበት ነው። ኤፕሪል 15 እንዳያልፍህ። ያ ሰውዬ የኢንሹራንስ ደረሰኞቹን ይጠይቅህ፤ ካልጠየቀህ ሌላ ሰው ፈልግ።

የዐይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ማክሰኞ፣ በሀበሻ 3 ሰዓት ጠዋት። የጎረቤታችሁ ልጅ ይወስድሃል፤ ተነጋግረናል፣ የቤንዚኑንም ልኬለታለሁ። «እኔ ራሴ እነዳለሁ» ብትል መኪናውን እንዳያስነሣ ነግሬዋለሁ።

ልጅህ