ውዴ፣ ቴሲሱን አትተዪው

ውዴ እንዴት ከርመሻል? ልጅሽ አደገልሽ አይደል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ከተጠፋፋን እኮ ቆየን፣ እኔ ወልጄ አንቺ ባህር ዳር ገብተሽ ከዛ በኋላ በበዓል በበዓል እንኳን አደረሰሽ መባባል ብቻ ሆነ። ባለፈው ሰሞን አብራን የተማረች ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ "እሷማ ማስተርሷን ተወችው" ስትለኝ ክው ነው ያልኩት፣ ማታ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ዛሬ ልጄ ተኝታልኛለች ሳትነቃ ልጽፍልሽ ነው።

ኮርስ ጨርሰሻል፣ ፕሮፖዛል ዲፌንድ አድርገሻል፣ ዳታሽን ሰብስበሻል፣ የቀረሽ ቴሲሱን፣ ያው የመመረቂያ ጽሁፉን መጻፍ ነው። ተወችው የሚባለው ነገር አልዋጥልኝ አለ።

እኔም እዛው ቦታ ላይ ቆሜ ስለነበር ነው በድፍረት ምነግርሽ። ሰው ሁሉ የሚከብደው ኮርሱ ይመስለዋል፣ ስራ ውሎ 11 ሰዓት ተኩል ክላስ መግባት፣ ማታ ከስድስት ኪሎ ታክሲ ተጋፍቶ ቤት ሲደርሱ ልጅ ተኝቶ ማግኘት። ይከብዳል አዎ። ግን ክላስ ሰዓት አለው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ትማራለች ከተባለ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል፣ ባል በጊዜ ይገባል፣ እናት ልጅ ትይዛለች፣ ማንም ዛሬ ቅሪ አይልሽም። ቴሲስ ላይ ስትደርሺ ግን ሰዓት የሚባል ነገር የለም፣ ላፕቶፕሽን ከፍተሽ ቤት ቁጭ ካልሽ ለሁሉም ስራ የፈታሽ ነው ምትመስዪው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ዘይት አለቀ ትባያለሽ፣ ልጅ ደግሞ እናቷን እያየች ሌላ ሰው ጋ እሺ ብላ አትሄድም፣ እንዲህ እያለ ሴሚስተሩ ላጥ ይላል። የማውቃቸው ሴቶች የቀሩት እዚህ ጋ ነው እንጂ ፈተና ወድቀው አይደለም።

የኔ ቴሲስ በምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ስራ ላይ ያሉ እናቶችና ጡት ማጥባት ነው። ሐኪሞቹ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም እንዳይሰጠው ይላሉ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ ይሰጣል፣ ለአባት 3 ቀን። ፈቃዱ ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ያልቃል፣ ከዛ እስከ ስድስተኛው ወር ያለውን እናትየው እንደምንም ትወጣዋለች ማለት ነው። ያናገርኳቸው እናቶች ብዙዎቹ ቢሮ ውስጥ ወተት የሚያልቡበት ቦታ እንኳን የላቸውም፣ ሽንት ቤት ቆመው ነው። እኔም ያኔ እዛው ውስጥ ነበርኩ፣ ክላስ ተቀምጬ ጡቴ አግቶ ልብሴን ያረጥበዋል፣ ሻርፕ ጣል አደርግበታለሁ። እናቴ ደውላ መብራት ሄደ ስትለኝ ደሞ ሌላ ጭንቅ፣ የታለበ ወተት ያለ ቅዝቃዜ 4 ሰዓት ገደማ ነውና የሚቆየው መምህሩ ሲያስረዳ እኔ ሰዓት እቆጥራለሁ።

ሰራተኛ ስትሆኚ ቢያንስ ያቺ ፈቃድ አለችሽ። ተማሪ ስትሆኚ ግን እኔ ያገኘሁት መንገድ ዊዝድሮው፣ ማለትም ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ መሙላት ብቻ ነበር፣ እሱንም ሞልተሽ ስትመለሺ እንደሰነፍሽ ነው የሚያዩሽ። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ልጅ መውለድ እኮ ከትምህርት መጥፋት አይደለም!

እኔን ያወጣኝ ምን መሰለሽ፣ ቤት መጻፍ ማቆሜ ነው። ባለቤቴን አስቀምጬ ቴሲሱም ክላስ አለው አልኩት፣ ቅዳሜ ጠዋትና በሳምንት ሁለት ምሽት፣ እነዛን ቀኖች ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ እገባለሁ፣ ልጅቷ ጋ አንተ ነህ። መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር፣ በኋላ ግን የቅዳሜን ጠዋት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም ነበር፣ ከልጁ ጋር በደንብ የተዋወቁትም ያኔ ይመስለኛል። እናቴም ከደብረ ብርሃን መጥታ ከረመችልኝ። እሷ ባትኖር አልጨርስም ነበር፣ ጥንካሬዬ ነው ብዬ አልዋሽሽም። አንቺም እማማ አሉልሽ፣ ልጅ የሚይዝልሽን ሰው መለመን አትፈሪ፣ ሞግዚት ስንት እንደሚጠየቅ እኔም አውቃለሁ።

አድቫይዘርሽን ደሞ ምዕራፉ እስኪያልቅ አትጠብቂው፣ ሁለት ገጽም ትሁን ላኪለት፣ ዝም በተባባላችሁ ቁጥር ኢሜይሉን መጻፍ እየከበደሽ ነው የሚሄደው።

አሁን ግን ከሁሉ በፊት ዲፓርትመንትና ሬጅስትራር ሂጂና ስንት ጊዜ እንደቀረሽ ጠይቂ። ማራዘሚያውን በጽሁፍ ጠይቂያቸው፣ የልጅሽን የልደት ሰርተፍኬት አያይዢ፣ ማህተም ያረፈበት ኮፒ ሳትይዢ እንዳትወጪ። ጊዜው ካለፈ እንደ አዲስ አመልክቺ ሊሉሽ ይችላሉ፣ አሁን ደግሞ አዲስ አመልካች የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መውሰድ አለበት፣ ያን ሁሉ እንደገና ከምትጀምሪ የቀረሽን መጻፍ አይሻልም?

ዳታውን ላኪልኝ፣ ዳታው የሚተነተንበትን ፕሮግራም፣ ኤስፒኤስኤሱን እኔ አግዝሻለሁ፣ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደውለን አብረን እንሰራዋለን። ይሄን ስልሽ ከልቤ ነው። ሬጅስትራር ያሉሽን በዚሁ ሳምንት ጻፊልኝ እሺ? ልጅሽን ሳሚልኝ፣ እማማን ሰላም በይልኝ።

ያንቺው